ፈረንጅ ማነው?

ወግዲ የደረስነው ፀሐይ ወደ ዓባይ በረሃ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ነበር። ከመካነ ሰላም ወዲህ ያለውን መንገድ አቧራ ስንቅም ስለመጣን ከመኪናው ስንወርድ ሁላችንም አንድ ዓይነት ቀለም ይዘናል፤ ከወፍጮ ቤት የወጣን መስለናል። (ቀለማችንን ልብ በሉልን፤ በኋላ ያስፈልጋል።) ገና እግራችንን ሳናፍታታ የሰፈሩ ልጆች ከበቡንና «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» ማለት ጀመሩ። እኛም እንደ ሞኝ ዞር ዞር ብለን ፈረንጁን ፈለግነው። የለም። ልጆቹ የሚያዩት አብራን የመጣችውን ጓደኛችንን ነው።

ነገሩ የሚያስቀው እዚህ ላይ ነው። ከመካከላችን የወግዲ ዘር ያላት እሷ ብቻ ነች። እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ስለ ወግዲ የምናውቀው ደቡብ ወሎ ውስጥ መሆኑንና ዓባይን ሲሻገሩ ጎጃም መሆኑን ብቻ ነበር። የእሷ አያት ቤት ግን ከመኪናው መውረጃ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በአምስት ዓመቷ አሜሪካ ሄዳ እዚያው አደገች፤ አሁን አያቷን ለማየት ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። ፀጉሯን አሳጥራ ተቆርጣለች፤ የጀርባ ቦርሳዋ እሷን ያክላል፤ አማርኛዋ ትንሽ ይኮላተፋል። በተረፈ መልኳ የአያቷ ግልባጭ ነው። ልጆቹ ግን አንድ ጊዜ ፈርደዋል፤ ፈረንጅ ነች።

ማታ ቡና ተፈልቶ፣ ዱዓው ተደርጎ፣ ቄጠማው ላይ ዘርፈጥ እንዳልን ጠየቀችን። «ግን ፈረንጅ ማለት ምን ማለት ነው?» የተቆጣች አትመስልም፤ የተከፋች ግን ትመስላለች። እኛ ደግሞ ጋዜጠኝነት ተምረናል፣ እንጽፋለን ብለን የምንንጎራደድ ሰዎች ነን። እርስ በርስ ተያየን። አንዱ «ነጭ ማለት ነው» አለ። «እኔ ነጭ ነኝ?» አለችው። ሌላው «ከውጭ የመጣ ማለት ነው» አለ። «ሱዳን ከውጭ አይደለም? ሱዳናዊ ፈረንጅ ነው?» ዝም። በመጨረሻ ከመካከላችን ሁሉን አውቃለሁ ባዩ ጉሮሮውን ጠረገና «ቃሉ ከፈረንሳይ የመጣ ነው፤ ባቡር ሲሠሩ ነው የለመድነው» ብሎ ደመደመ። ሁላችንም አመነው። የእሱን ድምፅ ያለው ሰው ሲናገር ማን አያምንም?

እናላችሁ፣ አዲስ አበባ ተመልሰን መጻሕፍት ስናገላብጥ የጓደኛችን የባቡር ንድፈ ሐሳብ ሐዲዱን ስቶ ተገኘ። የጅቡቲው ባቡር ሥራ የተጀመረው በ1897፣ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር! አያችሁ፣ ያለዚህ ቃል ዓመት እንኳ መቁጠር አልቻልንም)። የግእዝ ዜና መዋዕሎቻችን ደግሞ በ16ኛው መቶ ዘመን የመጡትን ፖርቱጋሎች «አፍርንጅ» እያሉ ጽፈዋቸዋል። ባቡሩ ሦስት መቶ ዓመት ከምናምን ዘግይቷል።

ደግሞ ቃሉን ራሱን እዩት። መጨረሻው ላይ ያለችው «ጅ» ከፈረንሳይኛ ልትመጣ አትችልም። በቀጥታ ከፈረንሳዮቹ የተያያዘው ቃልማ «ፈረንሳይ» ሆኖ ተቀምጧል፤ ለጋሲዮን የሚባል ሰፈር ሁሉ ይዟል። «ጅ» የዐረብኛ የጣት አሻራ ነች። አብዛኛው ዐረብ «ገ» የሚለውን ድምፅ በፊደሉ ስለማያገኘው ወደ «ጀ» ይወስደዋል። ግሪኮች «ፍራንጊ» ያሏቸውን ሰዎች ዐረቦች «ኢፍረንጅ» አሏቸው። እኛ «አፍርንጅ» ብለን ተቀበልን፤ ከዚያ ፊቷ ላይ ያለችው «አ» በአገልግሎት ብዛት ወለቀችና «ፈረንጅ» ቀረ።

ታዲያ እነዚህ «ፍራንጊ» የተባሉት እነማን ናቸው? ፍራንኮች ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ3ኛው መቶ ዘመን ከራይን ወንዝ ዳር የተነሡ፣ ጀርመንኛ ቀመስ ቋንቋ የሚናገሩ ጎሣዎች ስብስብ። የሮማ መንግሥት ሲዳከም ጎል የተባለውን አገር ያዙ፤ ንጉሣቸው ክሎቪስ ተጠመቀ፤ ከእነሱ የወጣው ሻርለማኝ በ800 ሮም ላይ የንጉሠ ነገሥት ዘውድ ጫነ። ቋንቋቸውን ለተገዢዎቻቸው ላቲን ለቀው ስማቸውን ብቻ ለአገሩ ሰጡት፤ ፈረንሳይ። ስሙ ራሱ ምን ማለት ነው ሲባል ብዙዎቹ ሊቃውንት ጦር (የሚወረወረው) ማለት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ጎረቤቶቻቸው ሳክሶኖችም ስማቸውን ያገኙት ከቢላዋ ነው። ያኔ ሰው የሚጠራው በያዘው ስለት ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ግን ከጦሩ ይልቅ ያስገርመናል። ፍራንኮች በገዙት አገር ሙሉ ነፃነት ያለው ሰው ፍራንክ ብቻ ነበር። ስለዚህ «ፍራንክ ነው» ማለት ቀስ በቀስ «ነፃ ሰው ነው» ማለት ሆነ። የጎሣ ስም የመብት ስም ሆኖ ቀረ። ነፃ ሰው ደግሞ የፈለገውን ፊት ለፊት ይናገራል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ «ፍራንክ» ማለት ግልጽ፣ የሆዱን የማይደብቅ ማለት ሆነ። ነፃ ባለ ርስት ገበሬ «ፍራንክሊን» ተባለ (የመቶ ዶላሩ ላይ ያለውን ሰውዬ አስታውሱት)። ልዩ መብትና ፈቃድ «ፍራንቻይዝ» ተባለ። የፍራንኮች መሻገሪያ «ፍራንክፈርት» ተባለ። በ1360 የፈረንሳዩ ንጉሥ ዣን 2ኛ ከእንግሊዞች ምርኮ ሲፈታ የተመታው የወርቅ ሳንቲም «ፍራንክ» ተባለ፤ ግማሹ ሰው ንጉሡ ነፃ ስለወጣ ነው ይላል፣ ግማሹ ሳንቲሙ ላይ «የፍራንኮች ንጉሥ» ስለሚል ነው ይላል። የዚያ ሳንቲም ስም ጅቡቲ ውስጥ ዛሬም ይሠራል፤ በእኛም ከተማ የሐምሌ መጨረሻ ላይ «ፍራንክ አለህ?» የሚለውን ጓደኛ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

አሲዚ የምትባል የጣሊያን ከተማ ውስጥ ደግሞ ጆቫኒ ተብሎ የተጠመቀ ልጅ ነበር። አባቱ ፈረንሳይ እየተመላለሰ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ስለነበር ልጁን «ፍራንቼስኮ» እያለ ጠራው፤ ፈረንሳዊው እንደማለት። ቅዱስ ፍራንሲስ እሱ ነው። ከእሱ ወዲህ በዚህ ስም የተጠሩትን መቁጠር አይቻልም፤ ከ2013 እስከ 2025 ሮም ላይ የተቀመጡት ፖፕ ጭምር። ሳን ፍራንሲስኮን በአማርኛ ተርጉሙ ብትሉን እኛ «ቅዱስ ፈረንጅ» ከማለት አንመለስም።

ይሄ ቃል በቢሮ በኩልም መጥቶልናል። «ፍራንኮ ቫሉታ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ ከባንክ የውጭ ምንዛሪ ሳይጠየቅ ዕቃ የሚገባበት ፈቃድ ነው፤ በ2014 (በእኛ አቆጣጠር!) ዘይትና ስኳር በዚህ መንገድ ይግባ ሲባል ዜናው ሁሉ ፍራንኮ ቫሉታ ነበር። እዚያ ውስጥ ያለችው «ፍራንኮ» ነፃ ማለት ነች። ስለዚህ አንድ ቃል ለእኛ ሦስት ጊዜ መጥቷል፦ አንዴ በዐረብ በኩል ሰው ሆኖ፣ አንዴ በፈረንሳይ በኩል ገንዘብ ሆኖ፣ አንዴ በጣሊያንኛ የጉምሩክ ወረቀት ሆኖ። እኛም ሦስቱን እንደማይተዋወቁ ሰዎች በየበራቸው አስገብተናቸዋል።

ወደ «ጅ» እንመለስ። በ1095 የሮማው ፖፕ የመስቀል ጦርነት አወጀ፤ በ1099 ኢየሩሳሌም ተያዘች። ዘማቾቹ ሁሉም ፈረንሳዮች አልነበሩም፤ ኖርማኑም፣ ጀርመኑም፣ ጣሊያኑም ነበረበት። ግን ብዙዎቹ አለቆች ከፈረንሳይ ምድር ስለነበሩ ጸሐፊዎቻቸው ራሳቸው ሠራዊቱን በጅምላ «ፍራንኮች» ይሉት ነበር። ዐረቡም ማን ከየት እንደመጣ የሚለይበት ምክንያት አልነበረውም። ባሕር ተሻግሮ፣ መስቀል ለብሶ፣ ጎራዴ መዝዞ የመጣ ሁሉ «ኢፍረንጅ» ሆነ። ኡሳማ ኢብን ሙንቂዝ የተባለ የሶርያ መስፍን በ12ኛው መቶ ዘመን ስለነዚህ ሰዎች ብዙ ጽፏል። እግሩ ላይ እባጭ የወጣበትን ባላባት ያገሩ ሐኪም በመድኃኒት ፈንታ በመጥረቢያ እንዳከመው ይተርካል (ባላባቱ ሞተ)። ለኡሳማ ፈረንጅ ማለት ጀግና፣ ግን ያልሠለጠነ ሰው ነው። ይቺን ነጥብ ያዙልን፤ እኛ ዛሬ ቃሉን ከምንይዝበት ጫፍ ተቃራኒዋ ነች።

ከዚያ ወዲያ ቃሉ በነጋዴና በመርከበኛ አፍ ወደ ምሥራቅ ጉዞውን ቀጠለ። ፋርሶች «ፈረንጊ»፣ ሕንዶች «ፊረንጊ»፣ ታይላንዶች «ፈራንግ»፣ ካምቦዲያዎች «ባራንግ» አሉ። ቻይናዎች በ16ኛው መቶ ዘመን የመጡባቸውን ፖርቱጋሎች «ፎላንጂ» አሏቸው፤ ይዘውት የመጡትን መድፍም በዚያው ስም ጠሩት። ቱርኮች ቂጥኝን «ፍሬንጊ» ይሉታል፤ የአገራችን ሰው እዚህ ላይ ጨዋ ነው፣ በሽታውን ማንም ላይ አላላከከም። ታይላንዶች ደግሞ «ፈራንግ» የሚሉት ሰውየውን ብቻ ሳይሆን ዘይቱንንም ነው፤ ፍሬውን ያመጡት ፖርቱጋሎች ስለሆኑ። ከመሳቃችሁ በፊት ግን ፍሪጃችሁን ክፈቱ። እዚያ ያለው ብርቱካን ማን ይመስላችኋል? ፖርቱጋል ነው። ዐረቡ ፍሬውን «ቡርቱቃል» አለው፣ ቱርኩ «ፖርታካል»፣ እኛ «ብርቱካን»። ክርስቶፎሮስ ዳ ጋማ በ1541 ምጽዋ ላይ 400 ወታደር ይዞ ወርዶ፣ በዓመቱ ሞቶ፣ ከሠራዊቱ የተረፉት እዚሁ አግብተው ቀሩ። ሰዎቹ «ፈረንጅ» በሚለው የወል ስም ሲዋጡ የአገራቸው ስም ጁስ ቤት ውስጥ ተረፈ።

ቃሉ እኛ ዘንድ በየት በር ገባ ብለን ስናስብ ወግዲ ትዝ አለችን። ወሎ ሁለት በር ያለው አገር ነው። አንደኛው በር ኢየሩሳሌም ነው። መነኮሳቶቻችን ከጥንት ጀምሮ እዚያ ይኖሩ ነበር፤ ሮማዊውንም፣ ግሪኩንም፣ አርመኑንም፣ ዐረቡንም በአንድ ግቢ ያዩ ነበር፤ «አፍርንጅ»ን ከጎረቤት መስማት አይከብዳቸውም። ሁለተኛው በር ዐረብኛ የሚቀራበት መስጊድ ነው። የወሎ ደረሳ ስንቁን ይዞ ከአንዱ ሸህ ወደ ሌላው እየዞረ ነህውና ፊቅህ ይማራል፤ ሊቃውንቱ አማርኛን ራሱን በዐረብኛ ፊደል፣ በአጀሚ፣ ይጽፉ ነበር። ስለዚህ አንድ የወሎ ገበሬ በዕድሜው አንድም ፈረንጅ ሳያይ ቃሉን ከሁለቱም ጎረቤቶቹ ሊሰማ ይችላል፤ ከቄሱም ከሸሁም። ያቺ ቃል ደሴም ሳትደርስ፣ አዲስ አበባም ሳትመሠረት እነዚህን ተራሮች ታውቃቸዋለች ብንል አላጋነንም።

ደግሞ አትዘንጉ፤ እኛ እነሱን በሌላ ሰው ስም ስንጠራቸው እነሱም እኛን በሌላ ሰው ስም ይጠሩን ነበር። አውሮጳ ውስጥ ከ12ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ «ፕሬስተር ጆን» የሚባል ቄስም ንጉሥም የሆነ ሀብታም ሰው በምሥራቅ አለ ተብሎ ይወራ ነበር። መጀመሪያ ሕንድ አካባቢ ፈለጉት፤ ሲያጡት ወደ እኛ አዞሩት። በ1441 ከኢየሩሳሌም ገዳማችን የሄዱ መልእክተኞች ፍሎረንስ ጉባኤ ላይ ተገኝተው ንጉሣቸው በዚህ ስም ሲጠራ አልተቀበሉም፤ የእኛ ንጉሥ ስሙ ዘርዐ ያዕቆብ ነው አሉ። ፈረንጆቹ ሰሙ እንዴ? አልሰሙም። ከ80 ዓመት በኋላ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በ1520 መጥቶ ስድስት ዓመት ያህል ኖሮ፣ ልብነ ድንግልን በዓይኑ አይቶ ሲመለስ፣ በ1540 የታተመው መጽሐፉ ርእስ ላይ ያለው ያው ፕሬስተር ጆን ነው። የጸሐፊው የራሱ ስም ደግሞ ፍራንሲስኮ። «ፈረንጁ» ስለ «ጆን» ጻፈ ማለት ነው፤ ሁለቱም የሌሉበት ወሬ።

አልቫሬዝ እዚህ ሲደርስ ከሱ በፊት የመጡ አውሮጳውያን ጠበቁት። አንዱ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ነው፤ እኛ መርቆሬዎስ እንለው ነበር። ጄምስ ብሩስ እንደሚተርከው ይህ ሰው አፄ በእደ ማርያም ባሠሩት አትሮንሰ ማርያም ቤተ ክርስቲያን እመቤታችንን ልጇን በግራ ክንዷ ይዛ ሣላት፤ በግራ እጅ መያዝ ንቀት ነው ተብሎ ብጥብጥ ተነሣ፤ ሥዕሉ ግን ቆየ። ይህ የሆነው በጥንቱ የአምሐራ ግዛት፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው ደጋ ነው። እንግዲህ ያኔ ፈረንጅ ማለት እጁ የተባረከ፣ ግን ግራና ቀኝ የማይለይ እንግዳ ነበር።

መራራው ዘመን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አፄ ሱስንዮስ በ1622 የሮማን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ፤ አገሩ በደም ታጠበ፤ በ1632 የአባቶቻችሁን ሃይማኖት ያዙ ብለው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን አባረሩ፤ ከቀይ ባሕር ወደቦች የቱርክ ሹማምንት ጋርም ፈረንጅ እንዳያሳልፉ ተስማሙ። ከዚህ ወዲያ «ፈረንጅ» የአገር ስም መሆኑ ቀረ፤ የሃይማኖት ስም ሆነ፤ ካቶሊክ ማለት። ጎንደር ላይ ግሪኩ ግሪክ ነው፣ አርመኑ አርመን ነው፤ ቆዳቸው ቢነጣም ማንም ፈረንጅ ብሎ አያሳድዳቸውም። ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ ከሁሉ በፊት ማስረዳት የነበረበት ፈረንጅ አለመሆኑን ነው። ስኮትላንዳዊ፣ ቁመቱ እንደ ዋርካ፣ ፀጉሩ ቀይ። ዛሬ ወግዲ ላይ ቢወርድ ልጆቹ ምን እንደሚሉት ታውቃላችሁ። ያኔ ግን ፕሮቴስታንት ስለሆነ «እኔ ፈረንጅ አይደለሁም» ሲል እውነቱን ነበር፤ ስድብ ነበርና ስሙ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። አንድ ቃል ካይሮ ላይ ያልሠለጠነ ጀግና፣ ፓሪስ ላይ ነፃ ሰው፣ ጎንደር ላይ መናፍቅ ነው። ሰውየው አልተለወጠም። የተለወጠው የሚያየው ዓይን ነው።

በቴዎድሮስ ዘመን ዓይናችን እንደገና ዞረ። ንጉሡ ፈረንጅን የፈለጉት ለሃይማኖቱ ሳይሆን ለእጁ ነው። ጋፋት ላይ ያሰፈሯቸው ሚሲዮናውያን ወንጌል ሊሰብኩ መጥተው መድፍ አፍሳሽ ሆኑ። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴቫስቶፖል ከደብረ ታቦር ተጎትቶ፣ መንገድ እየተቆረጠለት፣ በ1868 መጀመሪያ መቅደላ አምባ ወጣ፤ ዛሬም እዚያው ተጋድሟል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የናፒየር ጦር አምባውን ሰብሮ ገባ፤ ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ፤ የተዘረፈው መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎና በ15 ዝሆን ተጭኖ ወረደ። መካነ ሰላም ላይ ካምፓስ ያለው ዩኒቨርሲቲ ስሙ መቅደላ አምባ ነው፤ ተማሪዎቹ ይህን ታሪክ በየመታወቂያቸው ይዘው ይዞራሉ። ከመቅደላ በኋላ ፈረንጅ ማለት ጠመንጃው የሚበልጥ፣ መጥቶ ጭኖ የሚሄድ ማለት ሆነ። ካቶሊክ ነው ፕሮቴስታንት ነው የሚል ጠያቂ ቀረ። በኋላ አድዋ ላይ የመጣው በራሱ ስም «ጣሊያን» ተባለ፤ ኦርቶዶክስ የሆነው ሩሲያዊ «መስኮብ» ተባለ። ወዳጅና ጠላት የየራሱን ስም ያገኛል፤ «ፈረንጅ» ለተቀረው ነው።

የእኛው ዘመን ደግሞ ጨዋታውን ወደ ዕቃ አወረደው። የፈረንጅ ጥድ አለ፤ የሐበሻ ጥድ አለ። የፈረንጅ ዶሮ አለ፤ በዓል ሲደርስ ማንም አይፈልገውም። የፈረንጅ ላም አለች፤ ወተቷን ሁሉም ይፈልጋል። የፈረንጅ ቃሪያ አለ፤ አያቃጥልም፣ ስለዚህ ቃሪያ ነው ወይ የሚል ክርክር አለ። «የፈረንጅ» ማለት ትልቅ፣ ብዙ፣ ፈጣን፣ ግን ጣዕም የሌለው ማለት ነው ብንል ከገበያ የሚያባርረን ያለ አይመስለንም። ሰው ላይ ሲመጣ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ከአሜሪካ የመጣ ጥቁር ሰው ፈረንጅ ነው። ሻሸመኔ ያለው ግን ጃማይካ ነው። መንገድ የሚሠራው ቻይና ነው፤ ጃፓኑም ኮሪያውም ቻይና ነው። ዐረብ አገር ስምንት ዓመት ሠርታ፣ ቤት አሠርታ የተመለሰች የወሎ ልጅ ማንም ፈረንጅ አይላትም፤ አሜሪካ ከሄደች ግን ትባላለች። ስለዚህ ቆዳም አይደለም፣ ስደትም አይደለም። እኛ እስከገባን ድረስ ዛሬ ፈረንጅ ማለት ተመልሶ መሄድ የሚችል ሰው ነው።

ጓደኛችንን ያስከፋትም ይሄው ይመስለናል። እዚያ ስትሄድ «ሐበሻ» ነች፤ ከሁሉም ፊት ሐበሻነቷን ተሸክማ ነው ያደገችው። በነገራችን ላይ ያኛውም ስም ከቀይ ባሕር ማዶ ተደጋግሞ የመጣ ነው። በደቡብ ዐረቢያ የጥንት ድንጋዮች ላይ «ሐበሠት» ተብሎ ተቀርጿል፤ በ4ኛው መቶ ዘመን የኢዛና ጽሑፍ ላይም አለ፤ ዐረቡ «ሐበሻ» አለው፤ አውሮጳዊው ከዚያ ወስዶ «አቢሲኒያ» አደረገው። እንግዲህ «እኛ ሐበሾች፣ እነሱ ፈረንጆች» ስንል ሁለቱንም ቃል የምንይዘው ከአንድ የዐረብ ሱቅ እንደተገዛ ጥንድ ሸማ ነው። እዚያ ሐበሻ የተባለች ልጅ እዚህ ፈረንጅ ስትባል በሁለቱም በኩል ስሟን የሚያወጣላት ሌላ ሰው ነው።

አያቷ ግን በዚያ ማታ ክርክራችንን ሁሉ ሰምተው አንድም ቃል አልተናገሩም ነበር። በረካው ሲቀዳ ከሙዳያቸው ዕጣን ቆንጥረው ፍም ላይ ጣል አደረጉና «እሷ ፈረንጅ አይደለችም፤ ፈረንጅ ዕጣን ያስነጥሰዋል» አሉ። ጓደኛችን እንባ በእንባ ሆና እየሳቀች አላስነጠሰችም። (በኋላ ነገረችን፤ ታፍና ነው።)

አዲስ አበባ ከገባን በኋላ ነው ያንን ዕጣን ያየነው። በዓባይ ሸለቆ፣ በመተማ፣ በትግራይ ቆላ የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ ሙጫ በእንግሊዝኛ ስሙ «ፍራንክንሰንስ» ነው። ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ፤ «ፍራንክ» ማለት እዚህ ንጹሕ፣ ምርጥ፣ ያልተቀላቀለ ማለት ነው። ማለትም ሰውየው ከኛ በረሃ የተለቀመውን ምርጥ ዕጣን ገዝቶ በራሱ ስም ጠርቶታል። ይሄን ለጓደኛችን ጻፍንላት። «ለአያቴ እንዳትነግሩ» ብላ መለሰች።

ከወግዲ ስንወጣ ማለዳ ነበር። ልጆቹ መኪናው ጋ ቀድመውን ደርሰዋል። ያው «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» ነው። ጓደኛችን ወደ አንዱ ጎንበስ ብላ በተኮላተፈ አማርኛዋ ስሟን ነገረችው። ልጁ ትንሽ ደንገጥ ብሎ አያት፤ ከዚያ ወደ ጓደኞቹ እየሮጠ ጮኸ፤ «የፈረንጇ ስም እንደ አክስቴ ስም ነው!»